መልስ ያልመጣለት ጥያቄ

«ክፈል» የሚለው ቁልፍ ተነክቶ ትንሿ ክብ ስክሪኑ ላይ መሽከርከር ስትጀምር ከበስተጀርባ ብዙ ነገር ይሆናል። ገጹ ለሰርቨር ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው ከስልኩ ወጥቶ በአቅራቢያው ባለው የኔትወርክ ማማ በኩል ያልፋል፣ ምናልባትም ድንበርና ባሕር ይሻገራል። ሰርቨሩ ተቀብሎ ከአንዱ ሒሳብ ይቀንሳል፣ ለሌላው ይጨምራል፣ መልስ ያዘጋጃል፤ መልሱም መንገድ ጀምሮ ወደ ስልኩ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። አንዳንዴ ግን ክቧ መሽከርከሯን አታቆምም። ሰውየው ጥቂት ይጠብቃል፣ ስልኩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ይሰለቸውና ገጹን ዘግቶ እንደ አዲስ ይከፍታል። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር፣ በ2023 ደግሞ ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ የፕሮግራመሮች ብቻ ጭንቀት መሆኑ ቀርቷል። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሻጩን «ገባልህ?» የሚል ሁሉ፣ ከዋሽንግተን ለእናቱ ገንዘብ ልኮ ስልክ የሚደውልም ሁሉ ይጠይቀዋል።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ጥያቄ አሲንክሮነስ ይሉታል። ገጹ ጥያቄውን ከላከ በኋላ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል፣ መልሱ ሲደርስ ይቀበለዋል። እንዲህ ተልኮ የወጣ ጥያቄ ሦስት ዓይነት ፍጻሜ አለው፦ «ሆነ»፣ «አልሆነም» እና «አላወቅሁም»። የድረ ገጽ ኮድ በአብዛኛው የሚጻፈው ለመጀመሪያው ነው። ጠንቀቅ ያለ ፕሮግራመር ለሁለተኛውም ያስባል። ሦስተኛው ግን ወይ ከ«ሆነ» ወይ ከ«አልሆነም» ጋር ተደርቦ ይታለፋል። ሰው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው፣ ትኬቱ ተቆርጦለት ሳለ «አልተሳካም» የሚባለው፣ ግማሽ ሰዓት የፈጀበት ቅጽ ድራሹ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በዚህ መደረብ ነው። ሦስተኛው መልስ በኮዱም በስክሪኑም ላይ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በድሮው ድር አንድ ነገር ሲጫኑ ገጹ በሙሉ ይቀየር ነበር። ሰርቨሩ ካልመለሰ ብሮውዘሩ ራሱ ነጭ ገጽ አውጥቶ መገናኘት እንዳልቻለ ይናገራል። ቅጽ ልኮ ገጹን እንደገና ለመጫን የሞከረ ሰው ደግሞ ቅጹ በድጋሚ ይላክ እንደሆነ ይጠየቃል። መልኩ ባያምርም ሐቀኛ አሠራር ነበር። በ1999 ማይክሮሶፍት የአውትሉክ ኢሜይልን በብሮውዘር ለማሠራት ሲል፣ ገጹ ሳይቀየር ከጀርባ ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ አስገባ። ጥቅሙ ለብዙ ሰው የገባው ግን ጂሜይል በ2004፣ ጉግል ማፕስም በ2005 ሲወጡ ነው፤ ካርታውን በማውስ ሲጎትቱት ገጹ ሳይጠፋ የጎደለው ቁራጭ እየመጣ ይሞላል። በዚያው ዓመት ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ ዲዛይነር አሠራሩን «ኤይጃክስ» ብሎ ሰየመው፣ ስሙም አሠራሩም በየቦታው ተዛመተ። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ብዙም ያልተወራለት አንድ ርክክብ ተፈጸመ። ጥያቄው ከገጹ ጀርባ ሲገባ፣ ሳይሳካ ሲቀር የመናገር ኃላፊነቱም ከብሮውዘሩ ወደ ፕሮግራመሩ ተላለፈ። ነጩ ገጽ ቀረ፣ «ደግሜ ልላከው?» የሚለውም ቀረ። ፕሮግራመሩ ካልተናገረ የሚናገር የለም።

ዝምታው ኮዱ ውስጥ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ዛሬ በጃቫስክሪፕት ጥያቄ የሚላክበት ዋናው መንገድ ፌች ይባላል። ፌች ወዲያው የሚሰጠው መልሱን ሳይሆን ፕሮሚስ የሚባል ቃል ነው፤ ቃሉ ቆይቶ ወይ ይጸናል ወይ ይፈርሳል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰርቨሩ «የጠየቅኸው የለም» ብሎ 404 ቢመልስ፣ ወይም «እኔው ዘንድ ተበላሽቷል» ብሎ 500 ቢመልስ፣ በፌች ዓይን ቃሉ ጸንቷል፤ ምክንያቱም መልስ መጥቷል። ቃሉ የሚፈርሰው መልስ እጁ ሳይገባ ሲቀር ነው፦ መስመር ሲቋረጥ፣ የሰርቨሩ አድራሻ ሳይገኝ ሲቀር፣ ብሮውዘሩ በደኅንነት ደንቡ መልሱን ሲከለክል። ስለዚህ ካች በሚባለው የስሕተት መቀበያ ብቻ የተማመነ ኮድ የሰርቨሩን «አልሆነም» እንደ «ሆነ» ቆጥሮ ለተጠቃሚው አረንጓዴ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ መልሱ ላይ ኦኬ የሚባለውን ምልክት ማየት። የመልሱ ቁጥር ከ200 እስከ 299 ከሆነ እውነት ይላል፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ሐሰት። ፌችን የሠሩት ሰዎች ተሳስተዋል የሚል ቅሬታ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልተሳሳቱም ባይ ነኝ። «አይሆንም» ብሎ የመለሰ ሰርቨርና ድምፁ የጠፋ ሰርቨር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፌችም ለይቶ ነው የሚያቀርብልን። ልዩነቱን የምናጠፋው ሁለቱንም አንድ ቦታ ከትተን «ችግር ተፈጥሯል» የምንለው እኛ ነን።

ከዚህ የባሰው ባዶ ካች ነው። ስሕተቱን ይቀበላል፣ ምንም አያደርግም፤ ቢበዛ ተጠቃሚው የማያየው ኮንሶል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ዝም ይላል። ይህ እንዲያው የሚወረወር ወቀሳ አይደለም። በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሳንድራን፣ ኤችቤዝንና ሬዲስን ጨምሮ በአምስት የታወቁ የመረጃ ሥርዓቶች ላይ የደረሱ 198 ብልሽቶችን መርምረው ነበር። ሥርዓቱን ጠቅላላ ከጣሉት ከባድ ብልሽቶች መካከል 92 በመቶው የመጡት በራሱ ለሞት የማያበቃ፣ ሶፍትዌሩም በግልጽ ያሳወቀው ስሕተት በአግባቡ ባለመያዙ ነው። 35 በመቶው ደግሞ ከተራም ተራ በሆነ ምክንያት ነው፤ መቀበያው ባዶ ሆኖ፣ ወይም መዝግቦ ብቻ አልፎ፣ ወይም «በኋላ ይስተካከላል» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት እዚያው ቀርቶ፣ ወይም ያገኘውን ሁሉ በጅምላ ይዞ ሥርዓቱን ዘግቶ። እነዚህ የሰርቨር ሥርዓቶች እንጂ የድረ ገጽ ኮዶች አይደሉም ማለት ይቻላል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን ልምድ ያላቸው ሰዎች የጻፏቸውና ብዙ ዓይን ያያቸው ኮዶች ናቸው። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ ለበዓል ሽያጭ በጥድፊያ የሚወጣ ገጽ ይሻላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር የሚያሠራው ኖድ በ2020 በወጣው 15ኛ እትሙ፣ የፈረሰ ቃል ማንም ሳይቀበለው ከቀረ ፕሮግራሙ እንዲቆም አድርጓል፤ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፍ ነበር። ብሮውዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ገጹ አይወድቅም፣ ክቧ ብቻ ትዞራለች።

እስካሁን «ሆነ»ን ከ«አልሆነም» ስለመለየት ነበር። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ጥያቄው ሲሄድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ምንም አልተደረገም። ደርሶ፣ ሥራው ተሠርቶ፣ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ገንዘቡ ተከፍሏል። ወይም ሰርቨሩ ገና እየሠራ ነው። ላኪው ካለበት ሆኖ አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም፣ ይህም ጎበዝ ፕሮግራመር በመቅጠር የሚፈታ ነገር አይደለም። በ1975 በአንድ ጥናት ላይ የቀረበው፣ በ1978 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይ የሁለቱ ጄኔራሎች እንቆቅልሽ ያለው ችግር ይህንኑ ገደብ ያሳያል። ሁለት የአንድ ወገን ጦሮች በሁለት ኮረብታ ላይ ሰፍረዋል፣ ጠላት በመካከላቸው ካለው ሸለቆ ነው። አብረው ካልዘመቱ ይሸነፋሉ። መልእክተኛ ይላላካሉ፣ መልእክተኛው ግን ሸለቆው ውስጥ ሊያዝ ይችላል። አንደኛው «ነገ ጎሕ ሲቀድ» ብሎ ይልካል፤ መድረሱን ሳያውቅ ግን አይነሳም። ሁለተኛው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል፤ እሱም የላከው መድረሱን አያውቅም። ለማረጋገጫው ማረጋገጫ፣ ለዚያም ሌላ ማረጋገጫ ቢላክ፣ የመጨረሻውን የላከው ሁልጊዜ ሳይረጋገጥለት ይቀራል። የስልክ ገጽና ሰርቨር ሸለቆውን በሬድዮ ሞገድና በኬብል ተክተው እዚያው ችግር ውስጥ ናቸው።

ለዚህ ነው የጊዜ ገደብ ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው። ገደብ ያስፈልጋል፤ ፌች በራሱ የለውም፣ ፕሮግራመሩ ነው የሚያስቀምጠው። ጃኮብ ኒልሰን በ1993 ስለ አጠቃቀም ምቹነት በጻፈው መጽሐፍ የሰው ትኩረት ጉዳዩ ላይ የሚቆየው እስከ 10 ሴኮንድ ድረስ እንደሆነ ገልጿል፤ ከዚያ በላይ ምንም ሳይሉ ማስጠበቅ ሰውየውን ማጣት ነው። ገደቡ ሲያልፍ ግን የሚታወቀው መጠበቅ ማቆማችን ብቻ ነው። ጥያቄውን ከብሮውዘሩ በኩል መሰረዝም ሰርቨሩ የጀመረውን ሥራ አያስቀርም። ብሮውዘሩ «ኦንላይን ነኝ» ማለቱም ብዙ አይረዳም፤ ምልክቱ የሚናገረው መሣሪያው ከአንድ ኔትወርክ ጋር መያያዙን እንጂ ኢንተርኔት መኖሩን አይደለም። ዋይፋዩ ሞልቶ ፓኬጁ ያለቀበት ቤት ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

መልስ ሲጠፋ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ መላክ ነው። ጥያቄው ቢደጋገም ምንም የማይለውጥ ከሆነ ልክ ነው። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት የኤችቲቲፒ ደንብ ጥያቄዎችን በዚህ ይለያል። መረጃ የሚያነበው ጌት አንድ ጊዜም ሃምሳ ጊዜም ቢላክ ውጤቱ ያው ነው፤ «ይህን አጥፋ» የሚለውም አንዴ የጠፋውን ሁለተኛ አያጠፋም። አዲስ ነገር የሚፈጥረው ፖስት ግን ሁለት ጊዜ ሲላክ ሁለት ክፍያ ወይም ሁለት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። በ2022 የወጣው የደንቡ እትም፣ ላኪው ፕሮግራም መደገሙ ጉዳት እንደሌለው ካላወቀ በቀር እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሱ ደግሞ እንዳይልክ ይመክራል። ታዲያ ክፍያ ላይ ምን ይደረግ? የክፍያ ኩባንያዎች የደረሱበት ዘዴ ቀላል ነው። ገጹ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ለዚያ ክፍያ ብቻ የሚሆን የማይደገም መለያ ይፈጥራል፤ ጥያቄው በተላከ ቁጥር ያው መለያ አብሮት ይሄዳል። ሰርቨሩ መለያውን አይቶት የማያውቅ ከሆነ ክፍያውን ይፈጽማል፣ ውጤቱንም ከመለያው ጋር ይመዘግባል። ካየው ግን ምንም አይሠራም፤ ቀድሞ የሰጠውን መልስ ይደግማል። ስትራይፕ የተባለው ኩባንያ ለምሳሌ እነዚህን መለያዎች ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይይዛቸዋል። በዚህ ዘዴ «አላወቅሁም» ሳይፈሩ መልሰው የሚጠይቁት ነገር ይሆናል።

ዘዴው ግን አንድ ወጥመድ አለው፣ ብዙ ጥሩ ሐሳብም እዚያ ይሰናከላል። መለያው የሚፈጠረው መቼ ነው? ቁልፉ በተነካ ቁጥር አዲስ የሚፈጠር ከሆነ ትዕግሥቱ አልቆ ሁለት ጊዜ የተጫነ ሰው ሁለት መለያ፣ ሁለት ክፍያ ይኖረዋል፤ ጥበቃው ስሙ ብቻ ቀረ ማለት ነው። መለያው መወለድ ያለበት ሰውየው ለመክፈል ሲወስን ነው፤ ገጹ ቢዘጋና ቢከፈት እንኳ እንዳይጠፋ ብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ መቆየት አለበት። ሰርቨሩም ክፍያውንና መለያውን አንድ ላይ መመዝገብ አለበት። ክፍያውን መዝግቦ መለያውን ሳይመዘግብ መብራት ከጠፋበት ተመልሶ ከዜሮ ነው።

ድጋሚ መላክ ሰርቨሩ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ አለ። በ2016 የታተመው የጉግል የአስተማማኝነት መሐንዲሶች መጽሐፍ እንዲህ ያሰላዋል፦ የብሮውዘሩ ኮድ፣ የፊት ሰርቨሩና የኋላ ሰርቨሩ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ልከው ሦስት ጊዜ ቢደግሙ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ የነካው ቁልፍ መዝገቡ ላይ 64 ሙከራ ሊያወርድ ይችላል። ቀድሞውንም የደከመ ሥርዓት ይህን አይሸከምም። መስከረም 2015 አማዞን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ዳይናሞዲቢ የተባለ የመረጃ አገልግሎቱ ሲታወክ የሆነው ይህን መሰል ነው። ለአጭር ጊዜ ኔትወርክ ተዛባ፤ የማከማቻ ሰርቨሮቹ የሥራ ድርሻቸውን ከአንድ ማእከላዊ አገልግሎት ለመጠየቅ ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ መልሱ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ሲፈጅ ደግመው ጠየቁ፣ ደግመው ጠየቁ። ማእከሉ ተጨናንቆ መሐንዲሶቹ አቅም ለመጨመር የሚልኩትን ትእዛዝ እንኳ መቀበል አቃተው፤ አቅም የተጨመረው ጥያቄዎቹ ለጊዜው እንዲቆሙ ከተደረገ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የአማዞኑ መሐንዲስ ማርክ ብሩከር ስለ ድጋሚ ሙከራ በጻፈው ማብራሪያ ያሳየው ነገር እስካሁን ይሠራበታል። በየሙከራው መካከል ያለውን ጊዜ እጥፍ እያደረጉ ማራዘም ብቻውን አይበቃም፤ አብረው የወደቁት ሁሉ አብረው ቆይተው አብረው ይመለሳሉና። ቆይታው ላይ የዘፈቀደ ልዩነት ሲጨመርበት ግን ይበታተናሉ። ሰርቨሩ ራሱ «ከዚህን ያህል ሴኮንድ በኋላ ተመለስ» ካለም ቃሉን ማክበር ነው።

ይህ ሁሉ ከመቶ አንዴ ለሚያጋጥም ነገር አይበዛም ወይ? የምሰማው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፣ ከፊሉንም እቀበላለሁ። ለአንድ ፎቶ «ወድጄዋለሁ» ለማለት መለያ ቁጥርና የሁለት ጄኔራሎች ፍልስፍና አያስፈልግም። ልቧን ወዲያው አቅልቶ ካልተሳካ መልሶ ማደብዘዝ ይበቃል። ጥንቃቄው ከጉዳቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ነገር ግን ውድቀት በየቀኑ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። የሚመጣው ሰው በሚበዛበት ቀን ነው፦ ደመወዝ ሲወጣ፣ የበዓል ዋዜማ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚለቀቅ ዕለት። በአማካይ ከመቶ አንዴ የተባለው በዚያች ሰዓት ከሁለት አንዴ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቷም ገጹ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግባት ናት። ሌሎች ደግሞ ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ ላይብረሪ አለ ይላሉ። አለ፣ ጥሩም ነው። ነገር ግን ታንስታክ ኩዌሪን እንመልከት፤ ካልነገሩት በቀር መረጃ የሚያነብ ጥያቄን ሳይሳካ ሲቀር ሦስት ጊዜ ይደግማል፣ መረጃ የሚለውጥን ግን አይደግምም። ሠሪዎቹ የትኛው ጥያቄ ቢደገም ጉዳት እንደሌለው ሊያውቁልን እንደማይችሉ ያውቃሉ። ውሳኔው ክፍያው ምን እንደሆነ ለሚያውቀው ሰው ተትቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከዲዛይነሮች ይመጣል። ሰው ጥርጣሬ አይወድም፣ «አላወቅንም» ብንለው ይደነግጣል ይላሉ። የሚደነግጠው ግን ሳይነገረው ሲቀር ይመስለኛል፣ ወይም በመስኮት በኩል «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ፣ ወይም በማያነበው ቋንቋ አንድ ቀይ መስመር ሲወጣለት። አማርኛ ሆኖ ተሠርቶ የስሕተት መልእክቱ ብቻ እንግሊዝኛ የሆነ ገጽ ጥቂት አይደለም፤ ሰው ማንበብ የሚያስፈልገው ደግሞ ያኔ ነው። «ክፍያዎ መድረሱን እያጣራን ነው። እባክዎ ደግመው አይክፈሉ፤ ውጤቱን እዚሁ እናሳውቅዎታለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስደነግጥም። ምን እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንደሌለበትና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይነግረዋል። ብቻ ቃሉ እውነት መሆን አለበት፤ ከጀርባ በዚያ መለያ ሰርቨሩን እየጠየቀ የሚያጣራ ኮድ ከሌለ ጨዋ ውሸት ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ቅጹ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ እንደነበረ መገኘትም ከዚሁ ይቆጠራል።

የቶሮንቶዎቹ ጥናት አንድ የሚያጽናና ቁጥርም ነበረው፤ ከከባዶቹ ብልሽቶች 58 በመቶው የስሕተት መቀበያውን ኮድ በቀላሉ በመሞከር ብቻ አስቀድሞ ሊያዙ ይችሉ ነበር። ለድረ ገጽም ሙከራው ከባድ አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ባለው ፈጣን ዋይፋይ ላይ ግን አይገኝም። ብሮውዘሮች ኔትወርክን የሚያዘገይና የሚዘጋ መሣሪያ አላቸው፣ ብዙ ፕሮግራመርም ይጠቀምበታል፤ ችግሩ ኔትወርክ መዝጋት የሚሞክረው ጥያቄው ሳይደርስ የጠፋበትን ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛውን ለመሞከር የሙከራ ሰርቨሩን ክፍያውን መዝገብ ላይ ካሰፈረ በኋላ መልስ ሳይሰጥ መስመሩን እንዲዘጋ ማዘዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ገጹን አድሶ ደግሞ መላክ፣ በሌላ ታብ ከፍቶም መላክ፣ በመጨረሻም መዝገቡን ገልጦ የገባውን ክፍያ መቁጠር ነው። ከአንድ ከበለጠ ገጹ ለገበያ አልደረሰም።